አሸዋ ውስጥ ተደብቃ ወንድሜን የወጋችው ዓሣ ምንድን ናት?

የሐይቅ ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ጀማዓው፣ እንዴት ሰነበታችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ ዌልስ ውስጥ ስዋንሲ የሚባል ከተማ ነው የሚኖረው። ባለፈው እሁድ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ባሕር ዳር ወርዶ ነበር። እኛ እንደምታውቁት ከወሎው ሐይቅ ዳር ተወልደን በመራመድና በመዋኘት መካከል ልዩነቱን ሳናውቅ ያደግን ነን። እሱም «ውኃ ምን ያደርገኛል» ብሎ ጫማውን አውልቆ ገባ። ጉልበቱ ድረስ እንኳ አልገባም ይላል። ቁርጭምጭሚት በሚያህል ውኃ ውስጥ፣ ድንጋይ በሌለበት ልስልስ አሸዋ ላይ እየሄደ ድንገት እግሩን የሆነ ነገር ወጋው። መጀመሪያ ጠርሙስ የረገጠ መስሎት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን «የጋለ ወስፌ ከውስጥ እግሬ ገብቶ እስከ ጉልበቴ የወጣ ነው የመሰለኝ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው ነው፣ አለቀስኩ ብሎ አምኗል።

በዚያው ስልክ ደወለ። እናታችን ተቀብላው «ጊንጥ ነው ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጠህ እሽበት» አለችው። ባሕር ውስጥ ጊንጥ ከየት ይመጣል ብንላት አልሰማችንም።

የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የባሕር ዳር ጠባቂዎቹ መጥተው መርፌ አልወጉት፣ ቅባት አልቀቡት። ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውኃ አምጥተው «እግርህን ክተት» አሉት። ለሚቃጠል እግር ሙቅ ውኃ! ሊጨርሱኝ ነው ብሎ አስቦ ነበር። ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕመሙ እየለቀቀው መጣ። ዓሣ ናት አሉት፣ ስሟም ዊቨር። ከዚያ ሌላ ምንም አልነገሩትም።

ይህችን ዓሣ የሚያውቃት አለ? ሙቅ ውኃውስ እውነት መድኃኒት ነው ወይስ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ነው የለቀቀው? እናቴ እግሩ ይቆረጣል ብላ እንቅልፍ አጥታለች።

ጦሳ ግርጌ

የሐይቅ ልጅ በዓሣ ተወጋ? ስንት ዓመት ሙሉ የሐይቁን ቆሮሶ ዓሣ ሲበላ የኖረ ሰው፣ ዕዳው ባሕር ተሻግሮ ደረሰበታ።

ለማንኛውም አላህ ይማረው፣ እናትህንም አይዞሽ በላት።

የባቲዋ

ወላሂ እኛ ቆላ ያለነው ቢሆን ገና ዓሣ መሆኑን ሳናጣራ በምላጭ በጥተን፣ ከላይ በገመድ አስረን፣ ጥቁር ድንጋይ ለጥፈንበት ነበር። አያቴ ለጊንጥም ለእባብም ለእሾህም መድኃኒቷ አንድ ነው። ሙቅ ውኃ ግን ሰምቼ አላውቅም። የሚያውቅ ይንገረን።

ዓሣ አስተማሪው

የሐይቅ ልጅ፣ አብሽር። እግሩ አይቆረጥም። ዓሣዋን አውቃታለሁ፤ ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ለትምህርት ቤልጂየም በነበርኩበት ጊዜ በእጄ ይዣት አውቃለሁ። በጓንት ነው ታዲያ።

ዊቨር የሚባሉት ከአንድ በላይ ናቸው። ወንድምህን የወጋችው ትንሿ ዊቨር መሆን አለባት፣ ቁርጭምጭሚት በሚያህል ውኃ ውስጥ የምትገኘው እሷ ናትና። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው ርዝመቷ። መልኳ ቁርጥ አሸዋ ነው። ዓይኖቿ እንደ ቆሮሶ ከጎንና ከጎን ሳይሆን ወደ አናቷ ተጠግተው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አፏም ወደ ላይ የተቆለመመ ነው፤ ስታያት ሁልጊዜ የተከፋች ትመስላለች።

ብዙ ዓሣ ሆዱ ውስጥ የሚያንሳፍፈው የአየር ከረጢት አለው፤ ሳይዋኝ ቢቆምም ባለበት ይቆያል። እሷ ይህ ከረጢት የላትም። መዋኘት ባቆመች ቁጥር ወደ ታች ነው። ስለዚህ ኑሮዋን ታች አደረገችው። ሆዷን ግራ ቀኝ እያወዛወዘች በጥቂት ሰከንድ አሸዋውን ትለብሳለች፤ ከላይ የሚቀሩት ዓይኖቿና የጀርባዋ ክንፍ ጫፍ ብቻ ናቸው። ቀን ቀን እንዲህ ተኝታ ሽሪምፕ (ትንሽዬ ባለ ብዙ እግር የባሕር እንስሳ) እና ትናንሽ ዓሣ ሲያልፍ ትጠብቃለች፣ ሲመሽ ወጣ ብላ ታድናለች።

መርዙ ያለው የፊተኛው የጀርባ ክንፍ ላይ ነው። አጭር፣ ጥቁር ክንፍ ነው፣ ከ5 እስከ 8 እሾህ አለው። እያንዳንዱ እሾህ ጎኑ ላይ ቦይ አለው፣ ቦዩ ውስጥ መርዙን የሚሠራው ሥጋ ተኝቷል፣ ከላይ በስስ ቆዳ ተሸፍኗል። የሰው እግር ሲጫነው ቆዳው ይቀደድና መርዙ ወደ ቁስሉ ይገባል። በዚህ ላይ ስንጥቧን በሚሸፍነው አጥንት በሁለቱም ጎን አንድ አንድ እሾህ አላት። መረብ የሚያራግፉ ሰዎች እጃቸውን የሚወጉት ብዙ ጊዜ በዚያ ነው።

አትነክስም፣ ሰው አታሳድድም። ትልልቅ ዓሦች እንዳይውጧት የያዘችው መሣሪያ ነው። ወንድምህ ቤቷን ረገጠባት እንጂ እሷ አልመጣችበትም።

ስሟን በተመለከተ ደግሞ፣ ዊቨር የሚለው ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ሥሩም እፉኝት ማለት ነው። ሳይንሳዊ ስሟ ኤኪክቲስ ቪፔራ ነው። «ኤኪስ» በግሪክ እፉኝት፣ «ኢክቲስ» ዓሣ፣ «ቪፔራ» በላቲን እንደገና እፉኝት። እፉኝቷ እፉኝት ዓሣ እንደማለት ነው። ስም ያወጣላት ሰው ሳትወጋው አልቀረችም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ጦሳ ግርጌ

ጋሼ መምህር፣ ቤልጂየም ውስጥ ደሴ የሌለ ዓሣ ፍለጋ ምን አገባዎ?

ዓሣ አስተማሪው

ሃሃ። ዓሣ ፍለጋ ሳይሆን ፈረስ ለማየት ነበር የሄድኩት። ኦስትዱንከርከ የሚባል የባሕር ዳር መንደር አለ። እዚያ ሽማግሌዎቹ ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ ግዙፍ የጋሪ ፈረስ ላይ ተቀምጠው፣ ባሕሩ ውስጥ እስከ ፈረሱ ደረት ገብተው መረብ እየጎተቱ ሽሪምፕ ያጠምዳሉ። ዩኔስኮ በፈረንጆች 2013 ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። እኔ የደላንታ ሰው ነኝ፣ ፈረስ ባሕር ሲገባ ቆሜ ሳየው ዋልኩ።

ታዲያ መረቡን አሸዋው ላይ ሲዘረግፉት ከሽሪምፑ ጋር ይህቺው ዓሣ ትወጣለች። እነሱ ፒተርማን ይሏታል። አንድ ሽማግሌ በእጁ ሊያነሳ ሲል ድንገት ቆመና በጣቱ ጥቁሯን ክንፍ አሳየኝ። እንዳኮረፈች ዶሮ ክንፏን ዘርግታለች። ከዚያ በኋላ ነው ጓንት የሰጠኝ።

ሲስተር ከኮምቦልቻ

እኔ ደግሞ ስለ እግሩ ልናገር። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ ከባሕር ዓሣ ጋር ተያይቶ የሚመጣ ሕመምተኛ የለኝም፣ ግን ሥርዓቱ የታወቀ ነው።

ጠባቂዎቹ ያደረጉት ልክ ነው። መርዙ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፣ ሙቀት አይወድም። እግሩ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል በሞቀ ውኃ ውስጥ፣ ግን ከ45 ዲግሪ ሳያልፍ፣ ከ30 ደቂቃ እስከ 90 ደቂቃ ይነከራል፤ ውኃው ሲበርድ ይታደሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ፦ የተወጋው እግር በሕመም ስለደነዘዘ ሙቀቱን በትክክል አይለይም። ስለዚህ የውኃውን ሙቀት በደህናው እግር ወይም በሌላ ሰው ክርን መለካት ነው። ካልሆነ ከዓሣው ያመለጠ ሰው በውኃ ተልጦ ይመጣል።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጣራ ይነካል፣ ከዚያ ይወርዳል። እስከ ማግስቱ የሚቆይበት ሰው አለ። እብጠቱና መደንዘዙ ለጥቂት ቀናት ሊከርም ይችላል። የተሰበረ እሾህ ውስጥ ከቀረ መውጣት አለበት። ቁስሉ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ የተለመደ ማስታገሻ ይውሰድ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰደ ስንት ጊዜው እንደሆነ ይጠይቁት። ትንፋሽ ካጠረው፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ከቀናት በኋላ ቅላቱ እየሰፋ ወደ ላይ ከወጣ ግን ሆስፒታል ነው።

የባቲዋ፣ እህቴ፣ ምላጩንም ገመዱንም ተዉት። መብጣት ቁስል ይጨምራል እንጂ መርዝ አያወጣም። ደግሞ ይህን አንብቦ የእባብ ንክሻ ሙቅ ውኃ ውስጥ የሚከት ሰው እንዳይኖር! ይህ ለባሕር ዓሣ እሾህ ነው። እባብ ከነከሰ እግሩን ሳያንቀሳቅሱ፣ ሳያስሩ፣ ሳይበጡ በቶሎ ወደ ሆስፒታል። ቆላ ያላችሁ ሰዎች ይህችን አደራ።

ኬሚስት ነኝ ባይ

ሲስተር፣ በአክብሮት አንድ ጥያቄ። ፕሮቲን በሙቀት ይበላሻል ሲባል ሁሉም ሰው እንቁላል ነው የሚያስታውሰው። የእንቁላል ነጭ ግን በ45 ዲግሪ አይበስልም፣ ወደ 60 ሲጠጋ ነው መርጋት የሚጀምረው። እግር ደግሞ 60 ዲግሪ ቢነከር ወጥ ነው የሚሆነው። ታዲያ 45 ዲግሪ ውኃ፣ ያውም በቆዳና በሥጋ ውስጥ አልፎ፣ መርዙን እንዴት ያበላሸዋል?

ሲስተር ከኮምቦልቻ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ያላሟላሁት። በባለሙያዎቹም መካከል የተነሣ ክርክር ነው። አንዳንዱ ፕሮቲን እንቁላል ነጭ ብቻ አይደለም፣ በዝቅተኛ ሙቀት ቅርጹን የሚያጣም አለ ይላል። ሌላው ደግሞ ሙቀቱ የሚሠራው መርዙ ላይ ሳይሆን ሕመሙን ወደ አንጎል በሚወስደው ነርቭ ላይ ነው ይላል፣ የታመመ ወገብን በሙቅ ጨርቅ እንደምናሸው። በየትኛውም መንገድ ይሁን ሰውየው ይተነፍሳል። ሕክምናው ከማብራሪያው ቀድሞ የተገኘበት ነገር ብዙ ነው።

ዓሣ አስተማሪው

ልጨምር። መርዟ ውስጥ ከፕሮቲኑ ሌላ ሴሮቶኒንም አለ፤ ያ ራሱ ቆዳ ሥር ሲገባ የሚያሳምም ነገር ነው። ስለዚህ ኬሚስቱ ሙቀቱ የሚሠራው ነርቭ ላይ ነው ብሎ ቢከራከር ባዶ እጁን አይደለም።

የአሰብ መንገድ

ልጆቼ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ሾፌር ነበርኩ፣ አሁን ኮምቦልቻ ጡረታዬን እየበላሁ ነው። ይቺን ዓሣ እኔ አውቃታለሁ። አሰብ ነው ያወቅኳት።

በኤንትሬ ፊያት ከኮምቦልቻ ተነሥተን፣ ባቲን፣ ሚሌን፣ ማንዳን፣ ቡሬን አልፈን አሰብ ስንገባ ገላችን ጨው ሆኖ ነው። ተራ እስኪደርሰን ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቅ ነበርና፣ ማታ ማታ ባሕሩ ውስጥ ገብተን እንቀመጣለን። አንድ ቀን ረዳቴ፣ የሐርቡ ልጅ ነው፣ ድንጋይ የረገጠ መስሎት ጮኸ። ጩኸቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰውነቱ ሁሉ ላብ በላብ ሆነ፣ እግሩ እንደ ቅል አበጠ። አንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ ሮጦ መጣና ሻይ የምናፈላበትን ጀበና ካለበት አንሥቶ ውኃውን ከቀዝቃዛ ጋር ደባልቆ እግሩን አስገባበት። እኛ ልንማታ ነበር፣ ልጁን ሊያቃጥለው ነው ብለን። ያ ሰው ግን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር። ልጁ ሳምንት ቢያነክስም ዳነ።

እና ይህ ሙቅ ውኃ የፈረንጅ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

ዓሣ አስተማሪው

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዴት ያለ ታሪክ ነው። በአንዲት ነገር ላይ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና ልከራከርዎ። ዊቨር ቀይ ባሕር ውስጥ የለችም። የምትገኘው በምሥራቅ አትላንቲክ፣ በሰሜን ባሕርና በሜዲትራኒያን ነው። ረዳትዎ «ድንጋይ የረገጠ መሰለው» ማለትዎ ግን ፍንጭ ሰጥቶኛል። ቀይ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ዓሣ የሚባል አለ። ቁርጥ ድንጋይ ነው፣ አልጌ እንኳ ይበቅልበታል። ጀርባው ላይ 13 እሾህ አለው፣ መርዙም ከዊቨር እጅግ ይከፋል፤ ለእሱ አውስትራሊያ ውስጥ ከፈረስ ደም የሚሠራ ማርከሻ አለ። ረዳትዎ የረገጠው እሱን ይመስለኛል፣ ሳምንት ብቻ አንክሶ መዳኑ ዕድለኛ ነው። ሙቅ ውኃው ለእሱም የሚደረግ የመጀመሪያ ርዳታ ነው፣ አጥማጁ ትክክል ነበር።

የአሰብ መንገድ

ይሁን ልጄ፣ አልከራከርህም። እኛ ዓሣውን አላየነውም፣ ያየነው እግሩን ነው። ድንጋይ ዓሣ ካልክ ድንጋይ ዓሣ ይሁን። ያ ልጅ ግን ከዚያ በኋላ አሰብ ስንደርስ ከመኪናው ጋቢና ወርዶ አያውቅም።

ከቤሩት የተመለሰች

እኔ ቤሩት ስድስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ባሕር የሚወስዱኝ ልጆቻቸውን እንድጠብቅ ነበር እንጂ እንድዋኝ አይደለም፣ ስለዚህ እግሬ ተርፏል። ወጥ ቤት ግን አልተረፍኩም። አንድ ቀን ሰውየው ያጠመደውን ዓሣ በላስቲክ አምጥቶ አጽጂ አሉኝ። ከሞተ ቆይቷል፣ በረዶ ውስጥ ነው የነበረው። አውራ ጣቴን ወጋኝና ቀኑን ሙሉ ሳለቅስ ዋልኩ። እመቤቲቱ «የሞተ ዓሣ ምን ያደርግሻል፣ ሥራ ላለመሥራት ነው» አለችኝ። አሁን ይህን ሳነብ ምን እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው። የሞተ ዓሣ ይወጋል እንዴ?

ሲስተር ከኮምቦልቻ

እኅቴ፣ ይወጋል። መርዙ እሾሁ ላይ ነው ያለው፣ ዓሣው ስለሞተ አይጠፋም። ማቀዝቀዣም አያጠፋውም። አንቺ እውነትሽን ነበር።

ዓሣ አስተማሪው

ሜዲትራኒያን ከሆነ ትልቁ ዊቨር ሊሆን ይችላል፤ እስከ 40 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚያድግ የትንሿ ዘመድ ነው፣ ይበላልም። ፈረንሳዮች ቪቭ፣ ጣሊያኖች ትራቺና ይሉታል፣ ለዓሣ ሾርባ ይወዱታል። የሚያውቅ ዓሣ ሻጭ መጀመሪያ እሾሁን በመቀስ ቆርጦ ይጥላል። ሌላም ሊሆን ይችላል፣ የስዊዝ ቦይ በፈረንጆች 1869 ከተከፈተ ጀምሮ የቀይ ባሕር ዓሦች ወደዚያ እየተሻገሩ ነው፤ ባለ መርዝ እሾሁ አንበሳ ዓሣ አሁን ሊባኖስ ዳርቻ ሞልቷል። መልኩ ቀይና ነጭ የተዘነጠለ ነበር ወይስ ቡናማ?

ከቤሩት የተመለሰች

ቢጫ ሰረዝ ያለበት ቡናማ ነበር፣ ዓይኑ ከላይ። አፉ የተቆጣ።

ዓሣ አስተማሪው

እንግዲህ እሱ ነው ብል አልሳሳትም።

መረብ ጣይ (ሐይቅ)

እኔ ሐይቁ ላይ መረብ የምጥል ሰው ነኝ። የኛ ቆሮሶ የጀርባው እሾህ ይወጋል፣ አምባዛ ደግሞ ከጎኑ ያለችው እሾህ ጥሩ አድርጋ ትወጋለች። ስንት ጊዜ እጄ አመርቅዞ ሥራ ፈትቻለሁ። ግን እንደዚህ የሚያስለቅስ ነገር አይደለም፣ ከቁስሉ በላይ የሚጎዳን ቆሻሻው ነው። የሚዋኙ ልጆች ወላጆች ይህን ክር አንብበው እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ሐይቃችን ውስጥ ዊቨር የለችም፣ ሂዱና ዋኙ።

አንድ ያልገባኝ፣ ወንድምህ ባሕሩ ዳር ውኃው ትንሽ ነበር ብለሃል። ባሕር እንዴት ትንሽ ይሆናል?

የሐይቅ ልጅ

እኔም ጠይቄው ነበር። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል ይላል። ጠዋት ቆሞ ያየው ውኃ ከሰዓት ርቆ ሄዶ ሜዳ ይሆናል። ስዋንሲ ያለችበት ሰርጥ በዚህ ከዓለም ታዋቂ ነው፣ በላይኛው ጫፉ በከፍታውና በዝቅታው መካከል ከ12 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ሐይቃችን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ባለበት ነው፤ እሱ ለዚያ ነው የተታለለው።

ዓሣ አስተማሪው

ልክ ነው። አብዛኛው ሰው የሚወጋው ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት አካባቢ ነው፣ በበጋቸው። በክረምታቸው ዓሣዋ ወደ ጥልቁ ትወርዳለች፣ በበጋ ዳር ትወጣለች፣ ሰውም በበጋ ነው ጫማውን የሚያወልቀው። ተገናኙ ማለት ነው።

የባቲዋ

መከላከያውስ ምንድን ነው? ጫማ ብቻ?

ሲስተር ከኮምቦልቻ

ጫማ። ሶሉ ወፍራም ከሆነ። ስስ ሸበጥ ይበሳል። እግርን እያነሡ ከመርገጥ አሸዋውን እየጎተቱ መሄድም ይረዳል፣ ዓሣዋ ንዝረቱን ሰምታ ዘወር ትላለች ይባላል።

ጦሳ ግርጌ

እንግዲህ ኮንጎ ጫማ ነው የሚያስፈልገው! ስንት ወሎዬ ኮንጎ ለብሶ ጭቃ ያቋረጠ፣ እንግሊዝ አገር ደርሶ በባዶ እግሩ ይሂድ?

የሐይቅ ልጅ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ ደወለ። እብጠቱ ወርዷል፣ ትንሽ ያሳክከዋል፣ ሥራ ገብቷል። ሲስተር ያለችውን ሁሉ አነበብኩለት፣ ክትባቱን ሊጠይቅ ነው። እናታችንም በመጨረሻ ጊንጥ አለመሆኑን ተቀብላለች፣ ግን ነጭ ሽንኩርቱን አልተወችም፤ «ዓሣም ቢሆን ሽንኩርት ይገባዋል» ነው የምትለው።

አያ የአሰብ መንገድ፣ ታሪክዎን ለሷ ስነግራት አባታችንም በዚያ ዘመን አሰብ ይመላለስ እንደነበር አስታወሰችኝ። ምናልባት ይተዋወቁ ይሆናል፣ በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ።

ጦሳ ግርጌ፣ ቀልድህ ደርሶታል። «ኮንጎ ሱቅ ለሱቅ ፈልጌ ነበር፣ አጣሁ፤ ከዚያ ካገኛችሁልኝ ይሁን» ብሏል። ወደ ለንደን የሚሄድ ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ አንድ ጥንድ ኮንጎ የሚይዝልኝ ፈልጉልኝ። ቁጥሩ 42 ነው።